የጎረቤት ጀሪካን አይዋሽም

አዲስ አበባ ውስጥ «ከታክሲ አምስት ደቂቃ ነው» ማለት ደላላው ብቻውን፣ ባዶ እጁን፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የመልሱን ዳገት፣ የሐምሌን ጭቃና አምስት ኪሎ ሽንኩርት ያዘለውን ፌስታል አይጨምርም። ቤት ሊከራይ የተነሣ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ቋንቋ መልመድ አለበት። ደላላ አይዋሽም፤ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። «ጸጥ ያለ ሰፈር» ካለ ታክሲ አይገባበትም። «አስፋልት ዳር» ካለ ሲኖትራክ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፍሬን የሚይዘው ከራስጌዎ ሥር ነው። «አዲስ ቤት» ውሃ ገና ያልገባለት ነው። «ግቢው ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ» የሚባሉት ሁለት አባወራዎች ናቸው፤ ሚስት፣ ልጆች፣ የእህት ልጅ፣ ሠራተኛና ለሕክምና የመጣ አንድ አጎት ሳይቆጠሩ። «ሁሉ ነገር የተሟላለት» ሲባል ሽንት ቤቱ በር አለው። ትርጉም የማያስፈልገው «አከራይ የሌለበት» የሚለው ብቻ ነው፤ ለዚያች ቃል ተብሎ ኪራይ ላይ ሲጨመር ማንም አያጉረመርም።

ፍለጋውን በወሩ አጋማሽ ይጀምሩ። ተከራይ የሚለቀው ወሩ ሲሞላ ነው፤ ሊለቅ ያሰበው ለአከራዩ የሚናገረው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በ29ኛው ቀን ቤት የሚፈልግ ሰው ፊቱ ያስታውቃል፤ ደላላም ዋጋ የሚተምነው ቤቱን ሳይሆን ፊት አይቶ ነው። ነሐሴ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ሁሉም ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ከቻሉ ይዝለሉት። ሐምሌ ይሻላል። እቃውን በዝናብ ማስጫን የሚወድ የለም፤ ቤቱም በሐምሌ ገመናውን መደበቅ አይችልም። በጥር የታየ ጣሪያ ሁሉ ደህና ጣሪያ ነው።

ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን ፎቶ አይናቁት፤ ግን እንደ ሠርግ ፎቶ ይዩት። አንሺው ጀርባውን ማዕዘን ላይ ለጥፎ፣ ስልኩን ከራሱ በላይ ሰቅሎ ነው የሚያነሣው፤ ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል አዳራሽ ትመስላለች። ዋጋው «በውስጥ መስመር» ነው። የሽንት ቤቱ ፎቶ ከሌለ ምክንያት አለው። ከፎቶውም ከደላላውም ይልቅ ብዙ የሚያውቀው የሰፈሩ ሱቅ ውስጥ የቆመው ልጅ ነው። ማን በዱቤ እንደሚኖር፣ ማን ሊለቅ እንደሆነ፣ የትኛው ግቢ በዓመት ሦስት ተከራይ እንደቀያየረ ያውቃል። ለስላሳ ይግዙና እዚያው ቆመው ይጠጡ። ጠርሙሱን እስኪመልሱ ድረስ ስለ ሰፈሩ የሚሰሙት፣ ሦስት ደላላ ለማናገር ከሚወጣው የስልክ ሒሳብ በርክሶ የተገኘ ነው።

ደላላ መያዝዎ ካልቀረ፣ ገና ከታክሲ ሳይወርዱ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ «የማሳያ» የሚባል ክፍያ አለ ወይ? ካለ፣ ቤት በማሳየት ብቻ የሚተዳደር ደላላ ቤት እንዲያገኙ ለምን ይቸኩላል? ሁለተኛው ስለ «አሥር በመቶ» ነው። ሁሉም አሥር በመቶ ይላል፤ የምኑ አሥር በመቶ እንደሆነ ግን የሚታወቀው ብር ሲቆጠር ነው። ኪራዩ 15 ሺህ ቢሆን፣ የአንድ ወሩ 1 ሺህ 500፣ የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያው 3 ሺህ፣ የዓመቱ 18 ሺህ ብር ነው። ሦስቱም አሥር በመቶ ናቸው። ደግሞ መንገድ ላይ «ወንድሜ ነው፣ አብሮኝ ይሠራል» ተብሎ የሚቀላቀል ሁለተኛ ሰው አለ። እሱም ሲጨርስ አሥር በመቶ አለው። ሦስተኛውና በር የከፈተው ልጅ ሳይጨመሩ ስምምነቱን ለአንዱ ብቻ ይንገሩት።

አሁን ወደ ቤቱ። ደላላው ቀድሞ ይገባና መብራት ያበራል፣ መጋረጃ ይገልጣል፣ «ሳሎኑን እይልኝ!» ይላል። እርስዎ አይግቡ። ኮሪደሩ ላይ ይቁሙና የጎረቤቶቹን ደጃፍ ይዩ።

ጀሪካን ይቁጠሩ። በየበሩ አንዳንድ ቢጫ ጀሪካን ካለ፣ ሰዉ ጥንቁቅ ነው። በየበሩ አራትና አምስት ተደርድሮ በመሃል በርሜል ከቆመ፣ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። በርሜሉ ቁልፍ ካለው፣ ውሃም ጠፍቷል፣ መተማመንም ጠፍቷል። ጀሪካኖቹ በገመድ ከታሰሩ ውሃ የሚገዛ ሰው አለ። አቧራ የለበሰ፣ ሸረሪት ያደራበት ጀሪካን ካዩ ግን እልል ይበሉ፤ ሌላው ሁሉ ባይሟላም ይታለፋል። «ውሃ አለ ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «ኧረ ሞልቶ!» ነው። «በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ። ያን ጊዜ ደላላው ስልኩ ይጠራበታል።

«ሮቶ አለው» ከተባለ፣ ስንት ሊትር እንደሆነና ስንት ቤት እንደሚካፈለው ያጣሩ። ሁለት ሺህ ሊትር ሲሉት ትልቅ ነው። አምስት ቤት፣ በየቤቱ አራት ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 30 ሊትር ካሉ ግን በቀን 600 ሊትር ይሄዳል፤ ሮቶው በአራተኛው ቀን ይነጥፋል፤ ውሃ የሚመጣው በሰባተኛው ቀን ነው። ሮቶውን ከታች ወደ ላይ በጣት መገጣጠሚያ ያንኳኩት። ውሃ ያለበት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ የውሃው ልክ ነው። ውሃው ወደ ላይ የሚወጣው በዲናሞ ከሆነ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ውሃም አብሮ ይጠፋል።

ቧንቧውን ይክፈቱና በሰዓት ይያዙ። 20 ሊትር ጀሪካን በሁለት ደቂቃ ከሞላ፣ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፤ ሻወር ያስወስዳል። አሥር ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 2 ሊትር ነው፤ ሳሙናው ዓይን ውስጥ ይደርቃል። ይህን ሲያደርጉ ደላላው «ወንድሜ፣ ቤት ነው ወይስ ጋራዥ የምታየው?» ይላል። ይበል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ የፎቁ ነገር አለ። አንድ ፎቅ ሦስት ሜትር ያህል ነው፤ የባለ አራት ፎቁ የመጨረሻ ቤት ከመሬት 12 ሜትር ይርቃል፤ ውሃ 10 ሜትር በወጣ ቁጥር አንድ ባር ግፊት ይበላዋል። ስለዚህ ምድር ቤት ያለው ልብስ እያጠበ የላይኛው ቧንቧ አየር ይተነፍሳል። ከዚያ ወደ ጀሪካን ነው፤ በፎቅ 18 ደረጃ ቢሆን 72 ደረጃ፣ 20 ኪሎ ተሸክሞ፣ ለሦስት ጀሪካን ሦስት ጊዜ። «እንግዲያው ምድር ቤት!» አይበሉ። የብሎኩ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ ከላይ የወረደው ሁሉ መውጫ የሚያገኘው በምድር ቤቱ የሻወር ቀዳዳ ነው። ምርጫው ከላይ ሆኖ ውሃ ማጣት፣ ከታች ሆኖ የሌላ ሰው ውሃ ማግኘት ነው። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ የሚወደደው ዝም ብሎ አይደለም።

የሽንት ቤቱን ውሃ ይልቀቁት። ውሃው ሲወርድ የሻወሩ ቀዳዳ «ጉል ጉል» ካለ መስመሩ ሊዘጋ ነው። አንድ ጆግ ውሃ የሻወሩ ወለል ላይ ይድፉና ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ወደ ቀዳዳው መሄድ ነበረበት፤ ብዙ ቤት ግን ሴራሚክ የነጠፈው በችኮላ ስለሆነ ወደ መኝታ ቤት ይጓዛል። ጆግ ካላገኙ ሎሚ ወለሉ ላይ ያንከባሉ። ሎሚዋ ቀዳዳውን ትታ በሩን ካለፈች፣ ከእያንዳንዱ ሻወር በኋላ የሚያሯሩጥዎ መጥረጊያ ይግዙ።

ቀጥሎ ምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት ቢበዛ 16 አምፔር ነው የሚችለው። ለምጣድ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። በየሰርቪስ ቤቱ የሚገኘው ግን ለአምፖል ተብሎ የተሳበ ቀጭን ሽቦ ነው። ሶኬቱን ቀረብ ብለው ይዩ። ዙሪያው እንደ ተቆላ ቡና ከጠየመ፣ ያለፈው ተከራይ ጋግሮበታል፤ ተከራዩም ሶኬቱም የለቀቁት በአንድ ሳምንት ሳይሆን አይቀርም። ስልክ ቻርጀር ይዘው ይሂዱና ሁሉንም ሶኬት ይሞክሩ፤ አራት ሶኬት ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሶኬትና ሁለት ጌጥ ነው።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ነገሩ ይወፍራል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እርከን በእርከን የሚጨምርበት ነው። ለብቻዎ ቢሆኑ ከታችኛው እርከን የማይወጡ ሰው፣ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ከላይኛው እርከን ጋር ይቀመጣሉ። ሒሳቡ ደግሞ «እኩል እንካፈል» ነው። ከመስማማትዎ በፊት ግቢውን ያሽትቱ። አከራይዋ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ ከሆነ፣ የእርስዎ ድርሻ አንድ አምፖልና የሆቴሉ እንጀራ ሩብ ነው።

ቀና ብለው ኮርኒሱን ይዩ። ቢጫ ጠርዝ ያለው ክብ፣ ሲኒ ያስቀመጡበት የመሰለ፣ ዝናብ የገባበት ነው። ክቡ ነጭ ከሆነ ዝናብ የገባበትና ትናንት ቀለም የተቀባ ነው። ባለቤቱን «ቤቱ ካርታ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደንብ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ግን ካርታው ኮርኒሱ ላይ ነው፣ ከነ ወንዞቹ። ግድግዳውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው በመዳፍ ይጫኑ። ቀለሙ ካበጠ፣ ከተላጠ ወይም ነጭ ዱቄት ከተፋ፣ እርጥበት ከሥር እየወጣ ነው፤ እዚያ ጋ የተደገፈ ቁም ሳጥን ከኋላው ይሻግታል። ቤቱ በሙሉ አዲስ ቀለም ሆኖ ሽታው ገና ካለቀቀ «አቤት ንጽሕና!» ለማለት አይቸኩሉ። ከዚያ ዝም ብለው ለአንድ ደቂቃ ይቁሙ። ኮርኒሱ ላይ ጋልቦ ያለፈ ነገር ካለ ድመት ነው ይባላል። ድመት እንዲህ ቀላል ሩጫ አትሮጥም።

ሜትር ይያዙ። የሜትር ከሃምሳ አልጋ አንድ ሜትር ከሃምሳ ወርድና ወደ ሁለት ሜትር ቁመት ይፈልጋል፤ የክፍሉ በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ሌላ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ይህን ያላሰበ ሰው በሩን ለመክፈት አልጋው ላይ ይወጣል። ሶፋው ከበሩ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ ማለፍ አለበት። ቡፌ ያለው ሰው ከመከራየቱ በፊት ቡፌውን መሸጥ ይቀለዋል።

ሰፈሩን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያለ ደላላ ይዩት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፉን፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጨለማውንና ውሾቹን። ቀን 10 ሰዓት ላይ የታየ ሰፈር ሁሉ ገነት ነው፤ ወፍጮ ቤቱ እህል ጨርሷል፣ ብየዳ ቤቱ መብራት ጠፍቶበታል፣ መጠጥ ቤቱ ገና አልተከፈተም። ይህን ሁሉ አይቶ «ይሁን» ያለ ሰው ወደ ፈተናው ይገባል። እስካሁን ቤቱን ሲመረምር የቆየው እሱ ነው፤ አሁን ተራው የአከራይዋ ነው።

ፈተናው በረንዳ ላይ ነው። አከራይዋ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፤ ተከራዩ ቆሟል።

«ስንት ናችሁ የኔ ልጅ?»

«ሁለት ነን እማማ፣ እኔና ባለቤቴ።»

«ተባረኩ። ልጅ?»

«አንድ አለች።»

«ሦስት ናችኋ!» ዓይን ወደ ደላላው፤ ደላላው ወደ ሰማይ። «ታለቅሳለች?»

«ኧረ አታለቅስም።»

«ልጅ ሆና እንዴት አታለቅስም? አሟት ነው?»

እዚህ ላይ ትክክለኛ መልስ የለም። «እንግዳ ይበዛባችኋል?» ለሚለው «ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነን» ማለት የተለመደ ነው፤ ቢሆንም «ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቃል?» የሚል ይከተለዋል። ልብስ መቼ እንደሚታጠብ፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ዘመድ ከክፍለ አገር «ለሁለት ቀን» መጥቶ ስንት ወር እንደሚቀመጥ ሁሉ ይጠየቃል። «እኔ ተከራይ እንደ ልጄ ነው የማየው» ከተባለ በጥሞና ያስቡበት። እንደ ልጅ የሚታይ ሰው በ3 ሰዓት ይገባል፣ የት እንዳመሸ ይናገራል። «የውጭ በር ቁልፍ ለእኛም ይሰጠናል?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። መልሱ «እኔ እከፍታለሁ፣ እንቅልፌ ቀላል ነው» ከሆነ ውሉ ውስጥ ያልተጻፈው ዋና አንቀጽ ይኼ ነው።

ወደ ተጻፈው እንምጣ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። በረንዳው ላይ ግን ሌላ አዋጅ አለ፦ «የስድስት ወር በአንዴ፣ በእጅ፤ ውሉ ላይ አምስት ሺህ ብር እንጻፍ፣ ግብር እንዳይበዛብኝ።» ግብሩ የሚቀልለው ለእርሳቸው ነው፤ ዕዳው የሚወድቀው እርስዎ ላይ ነው። ነገ ቢጣሉና ያስያዝኩት ይመለስልኝ ቢሉ፣ በእጅዎ ያለው ማስረጃ የአምስት ሺህ ብር ነው። በእጅ የሰጡትን የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቁጥሩን ቀይሯል።

ብር ከመውጣቱ በፊት የሚያከራየው ሰው መታወቂያና የቤቱ ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙ ውል ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን ይዩ። «ባለቤቱ አሜሪካ ነው» ከተባለ ውክልናውን ይጠይቁ፤ ማከራየት የሚል ቃል ተጽፎበት እንደሆነም ያንብቡ። አንድን ቤት በአንድ ቀን ለሦስት ሰው አከራይቶ ሦስት ቅድሚያ ክፍያ ይዞ የሚሰወር ሰው አለ፤ ሦስቱ ተከራዮች የሚተዋወቁት እቃቸውን ጭነው በር ላይ ሲገናኙ ነው። «ሌላ ሰው ሊይዘው እየመጣ ነው፣ አሁን ቀብድ ጣል አድርግ» ሲባሉ ይምጣ ይበሉ። ከመጣም ጥሩ ነው፤ ቧንቧውን በሰዓት ሲይዙ ጀሪካኑን የሚይዝልዎ ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ቁልፉን የተቀበሉ ዕለት የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ የተሰነጠቀውን መስታወትና የተቃጠለውን ሶኬትም ጭምር። ውሉ ላይም ይጻፉት። ካልጻፉ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሰበሩት እርስዎ ነዎት። የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር ይቀይሩ፤ ያለፈው ተከራይ፣ ከእሱ በፊት የነበረውና ደላላው ቅጂ አላቸው። ጫኝና አውራጅ ዋጋ ሳይነጋገሩ መኪናውን አያስቁሙ፤ የሰፈሩ ልጆች «ማውረድ የኛ ነው» ብለው ከሶፋው ቀድመው ይደርሳሉ።

ማታ ጎረቤት ቡና ብሎ ይጠራል። በሁለተኛው ሲኒ ላይ ውሃው የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት መሆኑን፣ እሱም ባለፈው ሐሙስ እንዳልመጣ ይነግርዎታል። በማግስቱ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይገዛሉ፤ ክዳኑ የማያፈስ መሆኑን ገልብጠው ይሞክሩ። ሞልተው ደጃፍ ላይ ሲያስቀምጡ ሰው በሚያየው በኩል ይሁን። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከደላላ ኋላ ደረጃውን ይወጣል፤ ደላላው ገብቶ መጋረጃ ሲገልጥ፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል።